ተመስግኖ ያልተሸጠው የባህር ወንበዴዎች ጌም

ገምጋሚዎች ከ100 88 ሰጡት፤ ገዢው ግን አልመጣም። ከዚህ ታሪክ ለልጁ ጌም የሚገዛ ወላጅም፣ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ የሚጠብቅ ነጋዴም የሚወስደው ነገር አለ።

ማርኬቲንግ ላይ የሚሠራ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት አንድ ነገር አለ፦ ጥሩ ዕቃ ይዞ ገዢ ማጣት። መጥፎ ዕቃ ካልተሸጠ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ወይ ይሻሻላል ወይ ይተዋል። ያየው ሁሉ እያደነቀ ያለፈው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሲቀር ግን ችግሩን ከየት ጀምሮ መፈለግ እንዳለበት ለባለቤቱም ግራ ይገባዋል። በሰፈራችሁ ምግቡን ሁሉም የሚያወድሰው፣ ወንበሩ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ የሆነ ምግብ ቤት ካለ የምለው ነገር ወዲያው ይገባችኋል።

የዚህ ወር ታሪካችን ስለ እንዲህ ያለ ዕቃ ነው። ዕቃው ቪዲዮ ጌም ነው፤ ስሙ «ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ 2፦ ዴድፋየር» ይባላል። ጌም የልጆች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ። ዛሬ ከቤታችን ወጪ ውስጥ ጌም የራሱን ድርሻ ይዟል። አጎት ከአሜሪካ ሲመጣ ፕሌይስቴሽን ይዞ ይመጣል፤ ልጅ የልደት ስጦታው ጌም እንዲሆን ይጠይቃል። ወላጅም ስለ ጌሙ ሲጠያይቅ መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ «ጥሩ ነጥብ አለው» የሚል ነው። ያ ነጥብ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን ከዚህ ጌም በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

መርከብ፣ ደሴቶችና የሚራመድ አምላክ

ጌሙን የሠራው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ አርቫይን ከተማ የሚገኘው ኦብሲዲያን ኢንተርቴይንመንት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተ ሲሆን የሚታወቀው «ሮል ፕሌይንግ» በሚባለው የጌም ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ጌም ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይይዛል። ማንነቱን፣ ችሎታውንና ጠባዩን ራሱ ይመርጣል፤ ከዚያም በታሪኩ ውስጥ የሚናገረውንና የሚወስነውን ሁሉ ራሱ ይሸከማል። ረጅም ልብ ወለድ እያነበባችሁ በየምዕራፉ መጨረሻ ደራሲው «አሁን ምን ይሁን?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ያህል ነው።

በዴድፋየር የምትይዙት ሚና የሙታንን ነፍስ ማየት የሚችል፣ «ዋቸር» የሚባል ሰው ነው። ታሪኩ ሲጀምር በቤተ መንግሥታችሁ ሥር ተቀብሮ በኖረ ግዙፍ ሐውልት ውስጥ ኢዮታስ የተባለ አምላክ ገብቶ ይነሣል። ቤታችሁን አፍርሶ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፎ ወደ ባሕር ይራመዳል። እናንተ በመርከብ ትከተሉታላችሁ። ገና ከመግቢያው የባህር ወንበዴዎች ያጠቋችሁና የተጎዳችው መርከባችሁ ደሴት ላይ ትወድቃለች። ጀብዱው ከዚያ ይጀምራል።

የባህር ወንበዴ ስንል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በአንድ ዓይኑ ላይ ጨርቅ ያሰረ የፊልም ገጸ ባሕርይ ነው። በዚህ ጌም ውስጥም ሰይፍ፣ ባሩድ፣ የተደበቀ ሀብትና ሸራ ሲወጠር የሚዘፍኑ መርከበኞች አሉ። መርከብ ማስተዳደር ግን ኃላፊነት አለበት። ለመርከበኞቹ ምግብና ውኃ ትገዛላችሁ፤ ደመወዝ ትከፍላላችሁ። ስንቅ ካለቀ ወይም ደመወዝ ከዘገየ ሞራላቸው ይወድቃል። ቤት የሚያስተዳድር ሰው ይህን ሂሳብ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ጌሙን ከተራ የወንበዴ ታሪክ የሚለየው የፖለቲካው ጥልቀት ነው። ደሴቶቹ ባለቤት አላቸው፤ ሁአና የሚባሉ፣ በንግሥት የሚመሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የደሴቶቹን ሀብት ፈልገው ደግሞ ሁለት ኩባንያዎች መጥተዋል። የቫይሊያን የንግድ ኩባንያ ስለ ትርፍና ስለ ሳይንስ ያወራል። ሮያል ዴድፋየር ኩባንያ የሚባለው ደግሞ በስሙ ኩባንያ ይሁን እንጂ በተግባር የአንድ ኃያል መንግሥት የባህር ኃይል ነው። አራተኞቹ ፕሪንሲፒ የሚባሉት ወንበዴዎች ሲሆኑ እነሱም በመካከላቸው ተከፋፍለዋል፤ አንዱ መሪ ከባሪያ ነጋዴዎች ጋር ሲሠራ ሌላዋ ይህን አጥብቃ ትቃወማለች።

ኩባንያ ቀድሞ ገብቶ መንግሥት ከኋላ ሲከተል እኛም ከራሳችን ቀጣና ታሪክ እናውቀዋለን። የአሰብን ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በ1869 ከአካባቢው ሱልጣኖች የገዛው ሩባቲኖ የተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ነበር፤ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ራሱ ተረከበው። የጌሙ ደራሲዎች የጻፉት ስለ ምናባዊ ዓለም ነው። ቢሆንም ይህን ታሪክ የሚያውቅ ተጫዋች የኩባንያዎቹን ወኪሎች ጣፋጭ ንግግር የሚሰማበት ጆሮ የተለየ ይሆናል። ነባሮቹም ቢሆኑ ንጹሐን ተደርገው አልተሳሉም። የሁአና ማኅበረሰብ በመደብ የተከፋፈለ ነው፤ የታችኛው መደብ የሚበላው ከላይ የተረፈውን ነው። ከአራቱ ወገኖች ማንን እንደምትደግፉ ስትወስኑ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ የሆነ ምርጫ አታገኙም።

በመዋጮ የተሠራ

ገንዘቡ የመጣበት መንገድም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ኦብሲዲያን እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያውን «ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ» ለመሥራት ሲነሣ ወደ ባለሀብት አልሄደም፤ በኪክስታርተር በኩል በቀጥታ ሕዝቡን መዋጮ ጠየቀ። የጠየቀው 1.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ወደ 74,000 የሚጠጉ ሰዎች 4 ሚሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ገንዘብ አዋጡ። ጌሙ በመጋቢት 2015 ወጣ፤ በገምጋሚዎች ዘንድ በሜታክሪቲክ 89 ነጥብ አገኘ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የሽያጩ ቁጥር ከ500,000 ማለፉ ተነገረ። በሕዝብ መዋጮ ለተሠራ፣ ጽሑፍ ለሞላው፣ በድሮ ዘይቤ ለተሠራ ጌም ትልቅ ድል ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ዴድፋየር ሲታሰብ በጥር 2017 እንደገና መዋጮ ተጠየቀ፤ በዚህኛው ጊዜ ፊግ በሚባል መድረክ ላይ። የተፈለገው 1.1 ሚሊዮን ዶላር አንድ ቀን ሳይሞላ ተገኘ። ዘመቻው ሲያበቃ ከ33,000 በላይ ሰዎች ከ4.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስቀምጠው ነበር። ልብ በሉ፤ በፊግ በኩል የገባው ገንዘብ በሙሉ ስጦታ አልነበረም። ከፊሉ ጌሙ ሲሸጥ ድርሻ ለማግኘት የገባ ኢንቨስትመንት ነበር። እቁብ የጣለ ሰው ዕጣው እንደሚደርሰው ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ግን ገንዘባቸው የሚመለሰው ጌሙ በተሸጠው ልክ ብቻ ነበር።

ለዚህም ነው የሽያጩ ነገር የሠሪዎቹ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማይቀረው። ከበስተጀርባው የሠራተኞች የወደፊት እንጀራ፣ የኢንቨስተሮች ገንዘብና የሦስተኛው ክፍል ዕጣ ፈንታ ነበረ።

88 ነጥብ ምን ይላል?

ዴድፋየር ግንቦት 8 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ላይ ወጣ። ዋጋው 50 ዶላር ገደማ ነበር። ገምጋሚዎች በደስታ ተቀበሉት፤ ሜታክሪቲክ ላይ 88 ነጥብ ያዘ። ሜታክሪቲክ የራሱን አስተያየት አይሰጥም። የተለያዩ መጽሔቶችና የጌም ገምጋሚዎች የሰጡትን ውጤት ሰብስቦ ከ100 የሚታሰብ አማካይ ያወጣል። በዚህ መለኪያ 88 በጣም ከፍተኛ ነው። በዓመቱ መጨረሻ በተካሄደው የጌም አዋርድስ ሽልማትም ከምርጥ አምስት የሮል ፕሌይንግ ጌሞች አንዱ ሆኖ ታጭቷል። ሽልማቱን «ሞንስተር ሃንተር፦ ወርልድ» ወሰደው።

ገምጋሚዎቹ ያደነቁት ምን ነበር? በመጀመሪያ ዓለሙን። በሐሩር ምድር ያሉ ደሴቶች፣ የኔኬታካ ከተማ፣ የየሕዝቡ ቋንቋና ልማድ በጥንቃቄ ተሠርቷል። ቀጥሎ ጽሑፉንና ድምፁን። በመጀመሪያው ክፍል ብዙው ንግግር የሚነበብ ነበር፤ በዚህኛው ግን የገጸ ባሕርያቱ ንግግር በተዋንያን ድምፅ ተቀርጿል። ሦስተኛ የምርጫውን ክብደት። ከአራቱ ወገኖች ከአንዱ ጋር መቆም ከሌሎቹ ጋር ያቆራርጣል፤ ጓደኞቻችሁም ውሳኔያችሁን ካልወደዱ ጥለዋችሁ ሊሄዱ ይችላሉ።

ወቀሳም አልቀረም። በመርከብ ለመርከብ የሚደረገው ውጊያ መድፍ ሲተኮስ የሚታይበት ትዕይንት አይደለም። በአብዛኛው ጽሑፍ እየተነበበ፣ ከዝርዝር ውስጥ ትእዛዝ እየተመረጠ የሚካሄድ ነው። የወንበዴ ታሪክ ብሎ ለመጣ ሰው ይህ ቅር ያሰኛል። ግዙፉን አምላክ የማሳደዱ ዋና ታሪክ ከጎን ታሪኮቹ አንጻር አጭር ነው የሚልም ቅሬታ በገምጋሚዎችም በተጫዋቾችም ዘንድ ተደጋግሟል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ደግሞ ጌሙ ሲወጣ በጣም ቀላል ነበር አሉ፤ አንድ ስፍራ ከፍቶ እስኪገባ መጠበቁም አሰልቺ እንደነበር ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ገምጋሚውና የገዛው ተጫዋች ብዙም አልተጣሉም። ገዝተው ከተጫወቱት አብዛኞቹ ወድደውታል፤ የወቀሱበትም ነጥብ ተመሳሳይ ነው። ክፍተቱ የነበረው ሌላ ቦታ ነው።

ድምፁ ያልተሰማው ሰው

ሽያጩ ከመጀመሪያው ክፍል ያነሰ ሆነ። የጌሙ ዳይሬክተር ጆሽ ሶየር በ2019 በግል ገጹ ላይ ለአድናቂ ጥያቄ ሲመልስ ይህን ሳይደብቅ ተናገረ። ምክንያቱን ግን በእርግጠኝነት እንደማያውቅ ጨመረ። ግምቶቹን ዘረዘረ፦ ምናልባት ሰዉ የመጀመሪያውን ተጫውቶ ጠግቦ ይሆናል፤ ምናልባት የመጀመሪያውን ገዝተው ያልወደዱት ብዙ ናቸው፤ ምናልባት ሁለተኛው መውጣቱን ያልሰማ ብዙ ነው፤ ወይም ሁሉም ተደምሮ ነው። ሦስተኛ ክፍል የሚሠራ ከሆነም አጠቃላይ አሠራሩን እንደገና መመርመር ያስፈልጋል አለ።

ከዚህ መልስ የወደድኩት አንድ ማሳሰቢያ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱ ያልወደደውን ነገር ያነሣና «ያልተሸጠው ለዚህ ነው» ይላል። የመርከብ ውጊያው ያናደደው የመርከብ ውጊያውን ይከሳል፤ ታሪኩ ያጠረበት ታሪኩን ይከሳል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ጌሙን የገዙ ሰዎች ናቸው። የጌሙን ዕጣ የወሰነው ያልገዛው ሰው ነው። ያልገዛ ሰው ደግሞ አስተያየት አይጽፍም፤ ኮከብም አይሰጥም።

በእኔ ሙያ ይህ የዘወትር ፈተና ነው። የደንበኛ አስተያየት ስንሰበስብ የምንጠይቀው ደጃችን የመጣውን ነው። በራችንን አይቶ ያለፈውን ግን ማን ይጠይቀዋል? ቡና ቤት የከፈተ ሰው ማኪያቶው ስኳር በዝቶበት እንደሆነ ከደንበኛው ሊሰማ ይችላል። መንገደኛው ለምን ወደ ጎረቤት ቤት እንደገባ ግን የሚነግረው የለም።

ባለሙያ ሆኜ ከውጭ ስመለከተው ሦስት ነገሮች ይታዩኛል፤ ግምት መሆናቸውንም አስቀድሜ ልናገር። አንደኛው ስሙ ላይ ያለችው «2» ናት። ታሪኩ ከመጀመሪያው የሚቀጥል ስለሆነ የመጀመሪያውን ያልጨረሰ ሰው «እሱን ሳልጨርስ ይህን ምን አደርገዋለሁ?» ይላል። ረጅም ጌም ደግሞ ገዝቶ ሳይጨርስ የሚያስቀምጠው ሰው ብዙ ነው፤ መጽሐፍ መደርደሪያችን ምስክር ነው።

ሁለተኛው የአጨዋወቱ ዘይቤ ነው። በዴድፋየር ውጊያው ሳይቆም ይሄዳል፤ ተጫዋቹ ሲፈልግ ማቆሚያ ተጭኖ ትእዛዝ ይሰጣል። ይህ የ1990ዎቹ መጨረሻ ስልት ነው። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2017፣ ላሪያን የተባለው የቤልጂየም ድርጅት «ዲቪኒቲ፦ ኦሪጂናል ሲን 2»ን አውጥቶ ሜታክሪቲክ ላይ 93 አግኝቶ ነበር። የእሱ ውጊያ እንደ ዳማ ጨዋታ በተራ በተራ የሚካሄድ ነው። ለአዲስ ሰው የሚቀለው የትኛው እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ሦስተኛው የተስፋው ጉዳይ ነው። ሽፋኑ ላይ ባሕርና መርከብ ያየ ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ውስጡ የሚያገኘው ደግሞ ስለ አማልክት፣ ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ መደብ የሚያወራ ብዙ ገጽ ጽሑፍ ነው። ውስጡ ግሩም ነው። ግን የወንበዴ ፊልም ወዳጅና የረጅም ልብ ወለድ አንባቢ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም።

በዚያው ሰሞን ሌላ መርከብ ነበር

ይህን ግምት የሚያጠናክር አንድ ንጽጽር አለ። ዴድፋየር ከመውጣቱ ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 20 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ሬር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት «ሲ ኦፍ ቲቭስ» የተባለ ሌላ የባህር ወንበዴዎች ጌም አወጣ። ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ነው። ገምጋሚዎች የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው፣ ይደጋገማል ብለው ወቀሱት፤ ሜታክሪቲክ ላይ ያገኘው ነጥብ ከ70 በታች ነበር። ተጫዋቹ ግን ጎረፈ። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሰው ተጫወተው። በ2022 ቁጥሩ ከ30 ሚሊዮን አለፈ።

ሁለቱ ጌሞች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ዋጋቸውና አቅርቦታቸውም ይለያያል። ሲ ኦፍ ቲቭስ ወርኃዊ ክፍያ በሚከፈልበት የኤክስቦክስ አገልግሎት ውስጥ ስለተካተተ ብዙ ሰው ለብቻው ሳይገዛው ሞክሮታል። ትልቁ ልዩነት ግን ከዚህም ይለያል። ሲ ኦፍ ቲቭስን ጓደኛሞች በኢንተርኔት ተገናኝተው አብረው ይጫወቱታል፤ አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ሸራ ይወጥራል፣ አንዱ መድፍ ይተኩሳል፣ ሁሉም ይሳሳቃል። ገምጋሚው ይዘቱን መዘነ። ጓደኛሞቹ የፈለጉት ግን አብረው የሚያመሹበት ቦታ ነበር። ዴድፋየር በበኩሉ ብቻውን ተቀምጦ ማንበብና ማሰብ የሚወድ ሰው ጌም ነው። ሁለቱም ለተገቢው ሰው ጥሩ ናቸው።

ከወደብ ከወጡ በኋላ መጠገን

የዴድፋየር ታሪክ በ2018 አላበቃም። ሠሪዎቹ ቅሬታውን ሰምተው ማስተካከያ ማውጣት ጀመሩ። የውጊያው ክብደት ተስተካከለ። በዚያው ዓመት ሦስት ተጨማሪ የታሪክ ክፍሎች ወጡ። በጥር 2019 ደግሞ ብዙም ያልተጠበቀ ነገር አደረጉ፦ ውጊያውን በተራ በተራ ማድረግ የሚያስችል አማራጭ ጨመሩ። አንድ ጌም ከወጣ በኋላ የውጊያውን መሠረት የሚለውጥ አማራጭ መጨመር ከፍተኛ ሥራ ነው፤ የተሠራ ቤት ላይ ሌላ ደረጃ እንደመገንባት ነው። በጥር 2020 በፕሌይስቴሽን 4ና በኤክስቦክስ ዋን ወጣ።

ኦብሲዲያንን ማይክሮሶፍት እንደሚገዛው በኅዳር 2018 ይፋ ስለሆነ የድርጅቱ ህልውና በአንድ ጌም ሽያጭ ላይ ከመንጠልጠል ዳነ። ሶየር ደግሞ ወደ ትንሽ ሥራ ተመለሰ። በጥቂት ሰዎች ቡድን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ ስለሚፈጸም ግድያ የሚተርከውን «ፔንቲመንት»ን ሠርቶ በኅዳር 2022 አወጣ፤ እሱም ተመሰገነ።

ከዚያ በነሐሴ 2023 «ባልደርስ ጌት 3» መጣ። የላሪያን ሥራ ነው፤ ሜታክሪቲክ ላይ 96 ነጥብ ያዘ፣ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ፤ በጽሑፍና በምርጫ የተሞላ ጌም በሚሊዮኖች ሊሸጥ እንደሚችል አሳየ። ሶየርም በዚያው ዓመት የባልደርስ ጌት 3ን ያህል በጀት ቢሰጠው ሦስተኛውን ፒላርስ መሥራት እንደሚፈልግ ተናገረ። በየካቲት 2025 ደግሞ ኦብሲዲያን በዚያው ምናባዊ ዓለም ውስጥ «አቫውድ» የተባለ ጌም አወጣ። ያ ዓለም አልሞተም፤ በ2018 ገበያ አጣ የተባለው ጌም ዛሬም ስሙ በበጎ ይነሣል።

ሥራ የጀመረ ወጣት ካላችሁ ይህን ክፍል አንብቡለት። ሥራው ጥሩ ሆኖ ወዲያው ያልተሳካለት ሰው ሥራውን ከመጣሉ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለው፦ ዕቃዬ ነው ጥፋቱ፣ ያቀረብኩበት መንገድ፣ ወይስ ሰዓቱ? እነዚህን ሦስቱን የሚለያይ ሰው ቢያንስ የሚጠግነውን ያውቃል። ኦብሲዲያን የሚጠገነውን ጠገነ፤ የማይጠገነውን ለጊዜ ተወው።

ወላጅ ከመግዛቱ በፊት

ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጃችሁ «ይህ ጌም 88 ነጥብ አለው» ቢላችሁ ነጥቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የመለሰላችሁ፦ ሥራው በባለሙያ ዓይን ጥሩ ነው ወይ? «ለልጄ ይሆናል ወይ?» የሚለውን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። ለዚህ የሚረዱ ጥቂት ነጥቦች እነሆ።

*የዕድሜ ምልክቱን እዩ።* በሽፋኑ ወይም በመሸጫ ገጹ ላይ ያለች ትንሽ ምልክት ናት፤ ከነጥቡ በፊት እሷን ፈልጉ። ዴድፋየር በአሜሪካው መለኪያ «ኤም» የሚል ደረጃ አለው፤ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ደም፣ ስድብና ወሲባዊ ይዘት ያለበት የአዋቂ ሥራ ነው። ነጥቡ ያነሰው ሲ ኦፍ ቲቭስ ደግሞ «ቲ» የሚል ምልክት አለው፤ ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ከፍተኛ ነጥብና ለልጅ ተስማሚነት የማይገናኙ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

*ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠይቁ።* ዴድፋየር ብቻ የሚጫወቱት ነው፤ ልጁ የማያውቀው ሰው አያገኘውም። በሲ ኦፍ ቲቭስ ግን ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ መነጋገር አለ። የዕድሜ ምልክቱ ዝቅ ያለው ጌም በዚህ በኩል የበለጠ ክትትል ይፈልጋል።

*ቋንቋውንና ጊዜውን አስቡ።* እንዲህ ያለው ጌም በአማርኛ የለም፤ በእንግሊዝኛ ለሚጫወተው የሚነበበው ብዙ ነው። ለ18 ዓመት ልጃችሁ የማንበብ ልምምድ ሊሆነው ይችላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ለማትፈቅዱበት ታዳጊ ግን በየመካከሉ የሚቆረጥ መጽሐፍ ይሆንበታል።

*ሙሉ ወጪውን አስሉ።* ኮምፒውተሩ ላይ ዴድፋየር 45 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። ያንን ሁሉ በሞባይል ዳታ ማውረድ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ጥቅል የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ዘመድ እገዛ ይጠይቃል። ለዘመዱ የምትነግሩትን ስም በትክክል ጻፉለት፤ «የባህር ወንበዴ ጌም» ብቻ ካላችሁት የትኛው እንደሚመጣ አይታወቅም።

*አትቸኩሉ።* ጌም በወጣ ሰሞን ዋጋው ውድ ነው፣ ጉድለቱም ያልታረመ ነው። ከዓመት በኋላ የገዛ ሰው ዴድፋየርን በቅናሽ፣ ከነማስተካከያው፣ በተራ በተራ የሚጫወትበትን አማራጭ ጨምሮ አግኝቶታል። ልጅ «ዛሬውኑ» ቢልም መጠበቅ እዚህ ላይ ያተርፋል።

*ሁለት ዓይነት አስተያየት አንብቡ።* የባለሙያውን ግምገማ ለጥራቱ፣ የተጫዋቹን ደግሞ ለዕለት ተዕለቱ ችግር። ከተጫዋቾች አስተያየት ውስጥ በጣም የሚጠቅመው «ወደድኩት፣ ነገር ግን» ብሎ የሚጀምረው ነው። ቁጣ ብቻ የሆነውንና ውዳሴ ብቻ የሆነውን እለፉት።

በመጨረሻም፣ ልጁ ጌሙን ለምን እንደፈለገው እሱኑ ጠይቁት። «ጓደኞቼ ሁሉ ይጫወቱታል» ካለ የፈለገው ጓደኞቹን ነው፤ ምናልባት ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እንዲመጡ መጋበዝም ይበቃው ይሆናል። «ታሪኩ ደስ ስለሚለኝ» ካለ ደግሞ ታሪኩን እንዲነግራችሁ አድርጉ። ከአራቱ ወገኖች ማንን እንደሚመርጥና ለምን እንደሚመርጥ ሲያስረዳችሁ ከየትኛውም ግምገማ የማታገኙትን ትሰማላችሁ።